ጓያና እግራችን፦ መርፌ የማያድነው ሕመም

በዛሬው ዝግጅታችን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከእያንዳንዳችን ጎተራ ስለማይጠፋ አንድ እህል እንነጋገራለን። እህሉ ጓያ ነው። ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት ግን በመድኃኒት ቤት የገጠመኝን ላጫውታችሁ።

የገበያ ቀን ነበር። አንድ አባት ወጣት ልጃቸውን በበቅሎ አስቀምጠው ከስማዳ ቆላ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው መጡ። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ጤነኛ፣ ክንዱም የገበሬ ክንድ ነው። ከበቅሎው ሲያወርዱት ግን ሁለት እግሮቹ እንደ መቀስ ተጠላለፉ፤ ተረከዙ መሬት አልነካም። በሁለት ዱላ ተደግፎ በጣቶቹ እየረገጠ ገባ።

«ልጄ፣ ለእግር የሚሆን ጠንከር ያለ መርፌ ስጪኝ» አሉኝ አባትየው።

«አባባ፣ ሐኪም አይቶታል? የመድኃኒት ማዘዣ ይዘዋል?»

«ማዘዣስ የለኝም። እዚያው መንደር ሦስት መርፌ ተወጋ፤ ፍየሌ በዚሁ አለቀች። ጅን ነው ብለውን ቁርኣንም አስቀራንለት። እግሩ ግን እንዳየሽው ነው።»

ልጁን እንዴት እንደጀመረው ጠየቅሁት። «ቀኑን ሙሉ እንጨት ስሸከም ውዬ ማታ መግሪብ እየሰገድኩ ነበር። ከሱጁድ ልነሳ ስል ባቴ ደረቀ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አለ። ቀጥዬ «ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ምን ነበር የምትበሉት?» አልኩ። አባትየው ጥያቄው ገረማቸው። «ምን አለና ልጄ! ማሽላው በድርቅ ቀረ፤ የተረፈው ጓያ ነው። ጠዋት ንፍሮ፣ እርሻ ላይ ቆሎ፣ ማታ የጓያ ቂጣ። ይኸው ሦስተኛ ወራችን» አሉ።

መርፌውን አልሸጥኩላቸውም። በጣም አዘኑብኝ። ለምን እንዳልሸጥኩ ለእርሳቸው ያስረዳሁትን ነው ዛሬ ለእናንተም የምጽፈው።

የሰውነት ቅንጅት ማለት ምን ማለት ነው?

ልጆቻችን በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርታቸው ስለ ሰውነት ቅንጅት ይማራሉ። ሰውነታችን ሥራውን የሚያቀናጅባቸው ሁለት መንገዶች እንዳሉ ይነገራቸዋል፦ አንደኛው በደም ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሠራው ሆርሞን ነው፤ ሁለተኛው በቅጽበት መልእክት የሚያደርሰው የነርቭ ሥርዓት ነው። ብዙዎቹ ልጆች ይህንን ለፈተና ሸምድደው ይረሱታል። እኛ ግን ቅንጅትን በየቀኑ እናየዋለን።

አንድ ሸማኔን ተመልከቱ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን ይጫናል፤ ድሩ ሲከፈት እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ ዓይኑ ማጉን ይከታተላል። አንዱ ከሌላው አይቀድምም፣ አይዘገይምም። ሰላት ላይም እንዲሁ ነው፤ ከሩኩዕ ቀና ስንል፣ ከሱጁድ ስንነሳ በብዙ የሚቆጠሩ ጡንቻዎች ገሚሱ ሲኮማተር ገሚሱ ይላላል።

ይህንን የሚያዘው አንጎል ነው። ትእዛዙ ከአንጎል ተነስቶ ወደ እግር የሚደርሰው በሁለት ቅብብሎሽ ነው። የመጀመሪያው ነርቭ ከአንጎል ተነስቶ በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ባለው ኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው ነርቭ መልእክቱን እዚያ ተቀብሎ ለጡንቻው ያደርሳል። የመጀመሪያው ነርቭ ማዘዝ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛውን ይቆጣጠረዋል፣ ልክ ያስይዘዋልም።

እንግዲህ ሁለተኛው ነርቭ ቢሞት ጡንቻው ትእዛዝ አጥቶ ይልፈሰፈሳል፣ ይከሳልም። ፖሊዮ የሚያደርገው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ነርቭ ሲጎዳ ግን ሁለተኛው ተቆጣጣሪ ያጣል፤ ጡንቻውን ያለ ልክ ይዞ ያከርረዋል። እግር እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ይጠላለፋል፣ ተረከዝ ከመሬት ይነሳል። የጓያ ሕመም ይህ ነው። ወደ እግር የሚወርዱት የነርቭ ክሮች ከሁሉም ረጃጅሞቹ ናቸው፤ ጉዳቱ በነሱ ይበረታል። ስለዚህ የልጁ ክንድ ደህና ሆኖ እግሩ ብቻ ታሰረ። አእምሮውም፣ የቆዳው ስሜትም እንዳለ ነው።

ጓያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ጓያን ክፉ እህል ነው ብሎ መሳደብ ውለታ ቢስነት ይሆናል። የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ በመሬቱ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ድርቅንም ውሃ የሚቋጥር መሬትንም ይችላል። ከመቶ 25 ገደማ የሚሆነው ክፍሉ ፕሮቲን ነው። ሌላው ሰብል ሁሉ ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ ብዙ ቤተሰብም በእርሱ ከረሃብ ተርፏል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ጓያ ብቻውን ሲቀር እኛም ጓያን ብቻ እንበላለን።

በጓያ ፍሬ ውስጥ ተመራማሪዎች ባጭሩ ኦዳፕ የሚሉት ንጥረ ነገር አለ። ነርቮቻችን እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል አላቸው። ኦዳፕ መልኩ ግሉታሜትን ይመስላል። ነርቩ እውነተኛ መልእክተኛ የመጣ መስሎት ይቀበለዋል፤ ኦዳፕ ግን ሥራውን ሠርቶ አይሄድም፤ ነርቩን ሳያሳርፍ ይቀሰቅሰዋል። ይህ ለወራት ሲደጋገም ነርቩ ይጎዳል፣ ይሞታልም።

በተጨማሪም ጓያ ሰውነታችን ራሱን ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የሚከላከልባቸው ሁለት የፕሮቲን ንጥረ ነገሮች ይጎድሉታል። እነዚህ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በገብስ፣ በበቆሎና በማሽላ ውስጥ የተሻለ መጠን አላቸው። ስለዚህ ጓያን ከእህል ጋር አቀላቅሎ መብላት መርዙን ከመቀነሱም በላይ ሰውነትን ያስታጥቃል።

አልፎ አልፎ የጓያ ሽሮ በጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ሊፈራ አይገባውም። አደጋው የሚመጣው ከዕለት ምግባችን ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ይህም ለሁለትና ለሦስት ወር ያለ ማቋረጥ ሲቀጥል ነው።

በአገራችን የታየው

ይህ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም። በ1969 ዓ.ም በጣና ዙሪያ በደምቢያና በፎገራ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ሰው ሰብሯል። ከዚያ በኋላ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለ ጓያ ሕመም ሰፊ ጥናት ካካሄዱት ሐኪሞች መካከል የነርቭ ስፔሻሊስቱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ይጠቀሳሉ።

ለእኛ ለጋይንት ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጎረቤታችን ላይ የደረሰው ነው። ያኔ በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት ይባል በነበረው ወረዳ ከ1988 ዓ.ም ጀምሮ ሌላው ሰብል ተበላሽቶ የቀረው ጓያ ብቻ ሆነ። በ1989 ዓ.ም ሕመሙ በረታ፤ በአጠቃላይ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች እግራቸውን አጡ። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይበዙ ነበር።

በዚያ ወረርሽኝ ላይ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ውጤቱ ለእናቶች ትልቅ ትምህርት አለው። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት መልክ የበሉ ሰዎች ለሕመሙ የበለጠ ተጋልጠዋል። ከእህል ጋር አቀላቅለው የበሉት፣ ሽንኩርትና ቅመም በገባበት ወጥ የተመገቡት ደግሞ የተሻለ ተጠብቀዋል። እረኛው እሸቱን ከማሳ ይበላል፤ ገበሬው ቆሎውን በኪሱ፣ ንፍሮውን በስልቻው ይዞ ይወጣል። በዚያ ላይ ከባድ ሥራ ይሠራል። የስማዳው ልጅ ታሪክ ከዚህ አይለይም።

በውጭው ዓለምም እንዲሁ ነው። በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በስፔን በችግር ዘመን ተመሳሳይ ሕመም ታይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ በምትገኘው ቫፕኒያርካ በነበረ የእስረኞች ካምፕ ለታሰሩ አይሁዶች ጓያ ዋና ቀለብ ሆኖ ተሰጣቸው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙዎቹ እግራቸው ታሰረ። ምክንያቱ ከምግቡ መሆኑን የለየው አብሯቸው ታስሮ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። እነዚህ ሰዎች ከተለያየ አገርና ከተለያየ ዘር የመጡ ናቸው፤ የጋራቸው የነበረው ምግቡ ነው።

ስለ ጓያ የሚባሉና እውነት ያልሆኑ ነገሮች

«የጓያ እንፋሎት ይሰብራል»፦ አይሰብርም። ንፍሮ ሲቀቀል እንፋሎቱ የነካው ሰው አይታመምም፤ ንፍሮውን አዘውትሮ የበላው ነው የሚታመመው።

«በጓያ ማሳ ያለፈ፣ በገለባው ላይ የተኛ ይታመማል»፦ ይህም ስሕተት ነው። ከገለባው ሸሽቶ ቆሎውን የሚበላ ሰው ከአደጋው አላመለጠም።

«በዘር ይተላለፋል»፦ አይተላለፍም። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ቢታመም ከአንድ ማዕድ ስለበሉ ነው። በዚህ ምክንያት ልጅ አልድርም ማለት ግፍ ነው፤ ጓያ የሰበረው ሰው ትዳር ይዞ ጤነኛ ልጆች ይወልዳል።

«ጅን መትቶት ነው»፦ በቁርኣን ሩቅያ ማድረጉ መልካም ነው፤ ማንም አይከለክልም። ሩቅያ እየተደረገ ጓያው በጎን የሚበላ ከሆነ ግን በሽታው ሥራውን አላቋረጠም ማለት ነው።

መርፌውን ለምን አልሸጥኩም?

እዚህ ላይ ሙያዬ ይናገር። የሞተን ነርቭ የሚያስነሳ መድኃኒት በየትኛውም መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የለም። ታዲያ ሰዎች የሚገዙት ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ መርፌ ነው። ቁርጥማትን ያስታግሳል፤ ነርቭን አይጠግንም። ሲበዛ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ዴክሳሜታሶንና መሰሎቹ ናቸው። ለጊዜው ብርታት የሰጡ ይመስላሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲደጋገሙ ግን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፣ አጥንትን ያሳሳሉ፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ይቀንሳሉ። ሦስተኛ፣ የቫይታሚን ቢ መርፌ ነው፤ ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው ይጠቅማል፤ የጓያን ሕመም ግን አይፈውስም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ሙያው የሌለው ሰው መቀመጫ ላይ የሚወጋው መርፌ ነው። የዳሌውን ትልቅ ነርቭ ካገኘው በጓያ ላይ ሌላ ሽባነት ይጨምራል።

የጡንቻን ድርቀት የሚያላሉ እንደ ባክሎፌን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። የሚሰጡት ሐኪም መርምሮ፣ መጠኑን ወስኖ ነው፤ ያግዛሉ እንጂ አያድኑም። ዲያዜፓምም ያላላል፤ ነገር ግን ሱስ ያስይዛልና በራስ ፈቃድ የሚገዛ አይደለም።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እግርን የሚያስር ሁሉ ጓያ አይደለም። የጀርባ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። የአከርካሪ ዕጢና ጉዳትም አለ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ቢልፈሰፈስ ለፖሊዮ ምርመራ በዚያው ዕለት ለጤና ጣቢያ መነገር አለበት። ስለዚህ አባትየውን ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄደው እንዲያስመረምሩት መከርኳቸው። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ «አባባ፣ ቤት ውስጥ ስንት ልጅ ቀርቷል?» «ሁለት ታናናሾች ከእናታቸው ጋር» አሉ። «ዛሬ ማታ ምን ይበላሉ?» ዝም አሉ።

ለትልቁ ልጅ የሚሆን መርፌ አልነበረኝም። ለታናናሾቹ የሚሆን ምክር ግን ነበረኝ። እነሆ።

ለቤተሰብ የሚሆኑ ጥንቃቄዎች

1. ጓያን ብቻውን አትብሉ። ለአንድ ጣሳ ጓያ ቢያንስ ሦስት ጣሳ ሌላ እህል ይጨመር፤ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ያገኛችሁትን። ይህ ለቂጣም ለእንጀራም ነው።

2. ያለው ጓያ ብቻ ከሆነ ሁሉንም ለምግብ አታስቀምጡ። ገሚሱን ለሽሮ ለሚፈልጉት ገበያ አውጥታችሁ በበቆሎ ወይም በገብስ ለውጡ። የሴፍቲኔት ወይም የእርዳታ እህል ስታገኙም ለብቻው በልታችሁ አትጨርሱት፤ ከጓያው ጋር እያቀላቀላችሁ አቆዩት።

3. ዘፍዝፉ። ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል። ጓያውን አጥባችሁ የፈላ ውሃ በብዛት አፍስሱበት፤ አሳድራችሁ ውሃውን ድፉት፤ እንደገና አለቅልቃችሁ አድርቁና አስፈጩ። ንፍሮም ከሆነ የመጀመሪያውን ውሃ ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ቀቅሉ። ውሃ ከሩቅ ለምትቀዳ እናት ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የልጅ እግር ግን ይበልጣል።

4. ወጥ አድርጉት። በሽሮ መልክ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበርበሬ ጋር የተሠራ ጓያ ከቆሎና ከንፍሮ ይሻላል። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ካለ ጨምሩበት።

5. እረኛ ልጆቻችሁ የጓያ እሸት አዘውትረው እንዳይበሉ ንገሯቸው። ወደ እርሻ የሚወጣው ቆሎ የገብስ ወይም የሽምብራ ይሁን።

6. በድርቅ ዓመት ይበልጥ ተጠንቀቁ። ዝናብ ያጠረበት ጓያ መርዙ ይበዛል።

7. ዘር ስትመርጡ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። የአገራችን ተመራማሪዎች በ1998 ዓ.ም ኦዳፕ የቀነሰለት ዋሴ የተባለ የጓያ ዝርያ አውጥተዋል።

ምልክቱ ሲጀምር

የባት ጡንቻ መኮማተርና መክበድ፣ ሌሊት እግርን መጨምደድ፣ ዳገት ሲወጡ መንቀጥቀጥ፣ ከተቀመጡበት ወይም ከሱጁድ ለመነሳት መቸገር የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። ይህን ያየ ሰው ድካም ነው ብሎ አይለፈው። ጓያውን በዚያው ዕለት ያቁም፤ ከባድ ሥራ ይተው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የጓያ ሕመም መብላቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቆማል፤ የተበላሸው ግን በአብዛኛው አይመለስም። በአንድ ዱላ በሚሄድና በቂጡ በሚንፏቀቅ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ቶሎ ማቆሙና አለማቆሙ ነው።

አስቀድሞ የታመመ ሰውም አይተው። ጅማቱ እንዳያጥር ተረከዙንና ጉልበቱን በየቀኑ ቀስ እያሉ መዘርጋት፣ ልክ የሆነ ምርኩዝ መሥራት፣ በእጁ የሚሠራ ሙያ ማስተማር ይቻላል። አእምሮውና እጁ ሙሉ ናቸው።

ለጀመዓችን

አንድ ነገር ልጨምር። ፊቅሁን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ፤ እኔ የምናገረው ስለ ምግብ ነው። ለዘካተል ፊጥር የምናወጣው እህል ጓያ ብቻ ለቀረው ቤት ሲደርስ የዒድ ደስታ ብቻ ሳይሆን የእግር መከላከያም ነው። ስለዚህ በየመስጂዱ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ሶደቃችሁን ስትሰበስቡ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ከሁለት ወር ወዲህ ጓያ ብቻ የሚበላ ማን ቤት አለ? ለዚያ ቤት ጥቂት ጣሳ በቆሎ ከማንኛውም መርፌ ይበልጣል። በረመዷንም ለሱሁር የጓያ ንፍሮ ብቻ በልቶ የሚጾም ጎረቤት ካለ ከማዕዳችን እናካፍለው።

አባትየው ከሁለት ወር በኋላ በገበያ ቀን ተመልሰው መጡ፤ በቅሎዋን አስረው ብቻቸውን ገቡ። ሆስፒታሉ የጓያ ሕመም መሆኑን ነግሯቸዋል። ልጁ አሁን በአንድ ዱላ ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ እርሻ አይወጣም፤ ልብስ ስፌት እንዲማር ከአጎቱ ዘንድ ሊልኩት አስበዋል። ከጓያው ገሚሱን ሸጠው በቆሎ ገዝተዋል፤ የመስጂዱ ጀመዓም አንድ ጆንያ ገብስ ሰጥቷቸዋል። «ታናናሾቹስ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ይሮጣሉ» አሉኝ። «ያን ቀን መርፌውን ብትሸጪልኝ ኖሮ፣ መድኃኒቱን አግኝቻለሁ ብዬ ያንኑ ጓያ ሳበላቸው እከርም ነበር።»